ያልታጠበው የትራስ ልብስ

ውድ እታለም፣

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው፤ እኔ ግን ስለማውቅሽ መጀመሪያ ልብሽን ላሳርፈው። ድመትሽ ደህና ናት። ቅመም በልታ፣ ጠጥታ፣ ይህን ስጽፍ እግሬ ሥር ተጋድማለች። ይህን ባላስቀድም «ታማ ነበር» የሚለው ላይ ስትደርሺ ወረቀቱን ጥለሽ እንደምትነሺ አላጣውም። አዎ፣ ታማ ነበር፤ አሁን ድናለች። እንግዲህ ልጠይቅሽ፤ እንደምን አለሽ? ቁስልሽ ጨርሶ ጠገገ? ደረጃ መውጣትስ ቀለለሽ?

ያረፍሽባት አክስታችን ስደውልላት ሁልጊዜ «ደህና ናት» ትለኛለች። ከዚያ አትጨምርም፣ እኔም አልጠይቅም። ላንቺ ለመደወል ስልኩን ስንት ጊዜ አንስቼ እንዳስቀመጥኩት አልነግርሽም። ድምፄን ታውቂዋለሽ፤ ይቅርታ ልጠይቅ ብነሳ እንኳ ቁጣ ሆኖ ነው የሚወጣው። በወረቀት ላይ ቢያንስ አልጮህም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወር በፊት ቅመም ምግቧን እያሸተተች መተው አመጣች፤ ከዚያ አንድ ጉንጯ አበጠ። ክዳን ባለው የልብስ ቅርጫት ከትቼ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። መንገዱን ሙሉ ስትጮህ ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያየኝ ነበር፤ የሰው ልጅ ሰርቄ የምሮጥ ነበር የምመስለው። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ንግግሯ ቁርጥ ያለ። አፏን ከፍታ አየችና «ጥርሷ ሥር መግል ይዟል። ይነቀላል። ሁለት ቀን እኛ ጋ ትቆያለች» አለችኝ። ባዶውን ቅርጫት ይዤ ስመለስ ላንቺ ምን ብዬ እንደምነግርሽ ነበር የማስበው።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ወንድሟን አለቃን ብታዪው አንጀትሽን ይበላው ነበር። ሆዳምነቱን ታውቂያለሽ፤ ሳህኑን ጥሎ ከክፍል ክፍል ሲፈልጋት ዋለ። ከማሽኑ ጀርባ ገባ፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ገባ፣ በመጨረሻ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ የሳሙና ካርቶን ውስጥ ሁለቱን ካገኘናቸው ቀን ጀምሮ፣ አንድም ቀን ተለያይተው አያውቁም። እኔም «ቆይ፣ ነገ እህትህ ስትመጣ ታያታለህ» እያልኩ አጽናናው ነበር።

መጣች። አንድ እግሯ ለመርፌው ተላጭቷል፣ አንገቷ ላይ እንዳትቧጭር ጥሩንባ የመሰለ ላስቲክ ተደርጎላታል። አለቃ ጭራውን አቁሞ እየሮጠ መጣ። አንድ ጊዜ አሸተታት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ፀጉሩ ሁሉ ተነሳ፣ «ፍስስስ» አለባትና በመዳፉ ላስቲኩን ጠፈጠፈው። እሷ ነገሩ ስላልገባት ጭራዋን እያወዛወዘች እንደገና ወደ እሱ ሄደች። ደገማት።

«አንተ!» ብዬ ጮህኩ። «እህትህ እኮ ናት! ታማ ከርማ የመጣችውን እንዴት ፊት ትነሳታለህ?»

ከአፌ የወጣውን ራሴ ሰማሁት። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ቁጭ አልኩ፣ እታለም፤ ጫማዬን ሳላወልቅ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ግን እኔ ነኝና ያ ሐሳብ ብዙ አልቆየብኝም፤ ለሥራ ተነሳሁ። ሽታው ነው ብዬ ደመደምኩ። የሐኪም ቤት ሽታ ይዛ መጥታለች፣ ሽታ ማስለቀቅ ደግሞ ሙያዬ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ኮሌታ እያሸተትኩ «ይሄ ላብ ነው፣ ይሄ ዘይት ነው» ስል የኖርኩ ሴት ለአንዲት ድመት አላንስም። ቅመምን በለብታ ውኃ፣ ለሐር ልብስ በምጠቀምበት ሳሙና አጠብኳት፤ ቁስሏን ብቻ ተጠንቅቄ። አለቃንም አጠብኩት፤ ክንዴ ላይ የተወልኝን ብታዪ ትስቂ ነበር። የሚተኙበትን ጨርቅ፣ ምንጣፉን፣ የሶፋውን ልብስ ሁሉ ማሽን ውስጥ ከተትኩ። ማታ ሁለቱ እንደ ሆቴል አንሶላ ሸተቱ። አንዱ አንዱን ሲያይ ግን ከቀድሞው ባሰ። አሁን አለቃ ለእሷ እንግዳ ሆነ፣ እሷም ለእሱ።

በማግስቱ ራዲዮ ገባ። አዎ፣ ያው ራዲዮ፤ ባወጣሽለት ስም ዛሬም የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ፣ ደንበኞቹ «ፀጉር አስተካካዩ» ነው የሚሉት። አንድ ሸሚዝ ይዞ መጥቶ አንድ ሰዓት ሲያወራ ቆመ።

«አንቺ ደግሞ አካበድሽው» አለኝ። «አንድ ክፍል ዝጊባቸውና ይዋጣላቸው! ወንድምና እህት እኮ ናቸው፣ ምን ይሆናሉ?»

እጄን በቆረጠው፣ ዘጋሁባቸው። የሆነውን አልዘርዝርልሽም። መጋረጃው ሁለት ቦታ ተተረተረ፣ የአለቃ አፍንጫ ደማ፣ ቅመም ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሽንቷን ለቀቀች። ራዲዮ ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም።

«እንግዲያው አንዷን ለሰው መስጠት ነው። ድመት የሚፈልግ ደንበኛ አለኝ፣ ጨዋ ሰው ነው።»

«የትኛዋን?»

«የታመመችዋን ነዋ።»

ወንበሩን ጠረጴዛው ሥር መለስኩት፤ ለእሱ ሂድ ማለቴ ነው፣ ገባው። እታለም፣ ያን ቀን ፈራሁ። ቅመምን እኔ ጋ ትተሽ የሄድሽው አክስታችን ድመት ስለማትወድ ብቻ አይደለም። ስትሄጂ በሩ ላይ ቆመሽ «እነዚህን ሁለቱን ማለያየት ግፍ ነው» ብለሽኛል። በዚህ ቤት ካንቺ የቀረኝ አደራ እሷ ብቻ ናት። እሷን ለሰው ከሰጠሁ ደብዳቤ ለመጻፍ እንኳ ሰበብ አይኖረኝም።

ሐኪሟ ጋ ተመልሼ ሄድኩ።

«አጠቧት እንዴ?» አለችኝ፣ ገና ሳትነካት።

«በጥሩ ሳሙና።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እትዬ፣ ድመት ዘመዷን የምታውቀው በመልክ አይደለም፤ በጠረን ነው። እርስዎ ያጠቡት ሽታ የሐኪም ቤቱን ብቻ አይደለም፣ መታወቂያቸውን ነው።» ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ለየብቻ ክፍል፣ በሩ ይዘጋ። ምግባቸውን ከበሩ ወዲህና ወዲያ። የአንዱን ጨርቅ ለሌላው። ከዚያ ክፍል ማለዋወጥ፣ ከዚያ ጠባብ ክፍተት። ከተፋጠጡ ወደ ኋላ መመለስ። «ምንም ነገር እንዳይታጠብ» አለችኝ ደጋግማ። «ደግሞ ሳትታመም በፊት ሁለቱ አብረው ይተኙበት የነበረ፣ ያልታጠበ ጨርቅ ካለ ትልቅ ነገር ነው። አለዎት?»

«የላውንድሪ ባለቤት እኮ ነኝ» አልኳት። «እኔ ቤት ያልታጠበ ነገር የለም።»

ዋሽቻታለሁ። አንድ ነገር አለ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ክፍልሽ እንደተውሽው ነው። አልጋሽን አልገፈፍኩትም። አሥራ አራት ወር ሙሉ፣ የጎረቤት የእግር መጥረጊያ ሳይቀር የማጥብ ሴት፣ የአንቺን የትራስ ልብስ አላጠብኩትም። ሁለቱ ድመቶች ቀን ቀን እዚያ ትራስ ላይ ነው የሚተኙት፤ በሩን ገርበብ አድርጌ የምተወው ለእነሱ ብዬ ነው እላለሁ። እሑድ ሱቁ ሲዘጋ ግን እኔም እገባለሁ። እነሱን ገፋ አደርግና ጭንቅላቴን አስጠጋለሁ። አሁን አሁን ግማሹ የድመት ሽታ ሆኗል። ግማሹ ግን ገና አንቺ ነሽ።

በዚያ የትራስ ልብስ ጀመርን። ጠዋት የአለቃን ጉንጭ አሻሽበታለሁ፣ ከሰዓት የቅመምን፤ ማታ እንደገና። ቅመምን አንቺ ክፍል አስገባኋት፣ አለቃ ሳሎን። ሳህኖቹን ከበሩ ራቅ አድርጌ ጀመርኩ፣ በየቀኑ አንድ ጫማ ያህል አስጠጋለሁ። ቤቱ መሽተት ጀመረ፤ ምንጣፉ ላይ ፀጉር ተከመረ። እጄ ስንቴ ወደ ሳሙናው እንደሄደ አትጠይቂኝ። ሲብስብኝ ሱቅ ወርጄ የሰው ልብስ አጥብ ነበር።

ሲበሉ እንዳይደናገጡ ከበሩ አጠገብ ሰው ቢቀመጥ ጥሩ ነው ሐኪሟ ስላለችኝ ምሳዬን እዚያው ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ። ከበርሽ ሥር፣ ጀርባዬን አስደግፌ። ለሁለት ድመት ሁለት ሳህን፣ ለእኔ አንድ። በአምስተኛው ቀን ነው መሰለኝ፣ ከበሩ ወዲያ ስትበላ እየሰማኋት፣ ያ የተቀመጥኩበት ቦታ የምን ቦታ እንደሆነ ትዝ አለኝ።

ሦስት ወር ሆስፒታል ተኝተሽ የመጣሽ ጊዜ፣ ትሪሽን የማስቀምጥልሽ እዚያች ላይ ነበር። አንኳኩቼ እሄዳለሁ፤ አልቆይም። በሽታሽ እንደማይተላለፍ ሐኪሞቹ ነግረውኛል፣ አምኛቸዋለሁም። ያም ሆኖ ኩባያሽን ለየሁት፤ ጆሮው ላይ ቀይ ክር አሠርኩበት። አንሶላሽን በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ፀጉርሽ አጥሮ፣ ድምፅሽ ቀጥኖ፣ የመድኃኒት ሽታ ይዘሽ ስትገቢ ያቺ እታለም የት ሄደች አልኩ። ስትተኩሺ ስታንጎራጉሪ የማውቅሽ፣ እኔን በሃምሳ ዓመቴ «ሚጣ» እያልሽ ሰው ፊት የምታሳፍሪኝ። አንቺ ደግሞ ቀስ ብለሽ እየመጣሽ አጠገቤ ትቀመጪ ነበር። እንደ ቅመም። ደግመሽም መጣሽ። እኔ ደግሞ ሥራ አለብኝ እያልኩ እነሳ ነበር።

ከሆስፒታል በመጣሽ በአሥራ አንደኛው ቀን የሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። አንቺ ግን የምታውቂው ግማሹን ነው።

የእማዬን ሹራብ ሳላውቅ ከሌላው ልብስሽ ጋር ማሽን ውስጥ ገባ ብዬሻለሁ። አንቺም አመንሽኝ፤ ያዘንሽብኝ በጥፋቱ ሳይሆን ቀጥሎ ባልኩት ነው። «ልብስ ነው፤ ልብስ ደግሞ ይታጠባል» አልኩሽ። እታለም፣ አውቄ ነው ያጠብኩት።

ከሻንጣሽ ሥር አንድ የታሰረ የላስቲክ ከረጢት አገኘሁና ፈታሁት። አረንጓዴዋ ሹራብ ነበረች፣ ክርኗ የተጣፈው። አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤ የለመድኩት ሥራ ነው። እማዬ ወጣች። አንገቷ፣ የእጇ ቅባት፣ ያ ከረሜላ የምታስቀምጥበት ኪሷ። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗት፣ እኔ ጠረኗን እየረሳሁ ሌት ተቀን ስጨነቅ፣ አንቺ ከጎኔ ባለው ክፍል ውስጥ አስረሽ ይዘሻት ኖረሻል። አንድ ቀን «ነይ፣ አሽቺ» ብትዪኝ ምን ነበረበት? ሆስፒታል ሳይቀር ይዘሻት ሄደሻል። ቅናት በላኝ። ቅናት ብቻም አይደለም፤ ምን እንደሆነ እስካሁን ስም አላገኘሁለትም። ሹራቧን ከሌላው ጋር ወርውሬ በሩን ዘጋሁትና ቁልፉን ተጫንኩ።

ያ ትልቁ ማሽን አንዴ ከጀመረ እስኪጨርስ በሩ እንደማይከፈት ታውቂያለሽ። ውኃው ሲገባ ነቃሁ። እጀታውን ሳብኩ፣ ሶኬቱን ነቀልኩ፤ አልከፈት አለኝ። መልሼ ሰካሁት፤ ከዚያ ቆሜ አየሁ። አርባ ደቂቃ ሙሉ፣ በዚያ ክብ መስታወት፣ አረንጓዴው እጅጌ ብቅ ጥልቅ ሲል። ሲከፈት የሕፃን ልብስ አክላለች። አንቺ ገብተሽ ከእጄ ወሰድሽና ፊትሽ ላይ አደረግሻት። «ሳሙና ነው የሚሸተው» አልሽ። እኔም ማልቀስ ሲገባኝ ያንን ተናገርኩ፤ አንቺም ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ አክስታችን ሄድሽ።

የእማዬን ሽታ ከዚህ ዓለም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መመለስ አልችልም። ሙያዬ ማስለቀቅ ብቻ ነው፣ መመለስ አያውቅም። ይህን ካነበብሽ በኋላ ጨርሶ ላትመጪ ትችያለሽ፤ ያንን አስቤበታለሁ። ግን ውሸት ይዤ ነይ ልልሽ አልፈልግም።

ወደ ድመቶቹ ልመለስ፤ እንባዬ ወረቀቱን አበላሸው።

በዘጠነኛው ቀን በሩን ሁለት ጣት ያህል ከፈትኩት። አለቃ አፍንጫውን አስገባ፣ ቅመምም አስጠጋች። ደስ ብሎኝ «ጎበዝ!» ብዬ አጨበጨብኩ፤ ደነገጡና «ፍስስስ» ተባባሉ። ከዜሮ ጀመርን። አየሽ፣ እኔ ደስ ሲለኝም አበላሻለሁ። ከዚያ በኋላ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ላስቲኩ ከአንገቷ ወለቀ፣ የተላጨው እግሯ ጥቁር ጥቁር ማብቀል ጀመረ። ክፍል ተለዋወጡ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን አንድ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት ጥግ፣ አንዱ አንዱን እንዳላየ ሆኖ በሉ። የተኮራረፉ ባልና ሚስት ነበር የሚመስሉት። ራዲዮ ሲያልፍ በመስኮት አይቶ «ታዲያ እንዲህ ነው እንጂ!» አለ፣ እሱ ያስታረቃቸው ይመስል።

ትናንት ከሱቅ ስወጣ ሁለቱም ሳሎን የሉም። ክፍልሽ ገባሁ። ትራስሽ ላይ ናቸው። አለቃ ያንን የተላጨውን እግሯን ይልስላታል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍናለች። አልጮህኩም፣ አላጨበጨብኩም። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ብል ግማሹን ነው። እነሱ ታረቁ፤ እኔ ግን ያው አንድ ሳህን ነኝ። ካውያሽ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፣ ኮሌታ በተኮስኩ ቁጥር አሳርራለሁ፣ ደንበኞችም «እህትዎ መቼ ነው የምትመለሰው?» ይሉኛል። «በቅርቡ» እላለሁ።

ከደብዳቤው ጋር ያለውን ላስቲክ ስትፈቺ የትራስ ልብስሽን ታገኚዋለሽ። አላጠብኩትም። የድመት ፀጉር አለበት፣ በጥጉ በኩል የኔ እንባና የራስ ቅባት አለበት፤ አንቺም አለሽበት። እሱን ከላክሁ በኋላ በዚህ ቤት ያንቺን ሽታ የያዘ ነገር አይቀረኝም። ያም ሆኖ ልኬዋለሁ። ሁለቱ የታረቁት በእሱ ነው፣ እኔ ሌላ መድኃኒት አላውቅም።

መልስ ጻፊልኝ አልልሽም። ይቅር ብዬሻለሁ በይኝም አልልም። ከቻልሽ አንድ ነገር ላኪልኝ፤ የለበስሽውን፣ የተኛሽበትን፣ የአክስታችንን ቤት የሚሸተውን፣ ያልታጠበውን። እኔም ትራሴ ላይ አድርጌ እለምድሻለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ደስ ካለሽ ትመጫለሽ። የመጣሽ ቀን አላቅፍሽም፣ አልጮህም። ክፍልሽ ትገቢያለሽ፣ በሩን ትዘጊያለሽ። እኔ ምሳዬን ይዤ ከበሩ ወዲህ እቀመጣለሁ፤ አንቺ ወዲያ ትበያለሽ። ቀይ ክር ያለው ኩባያ የለም፤ ሰብሬዋለሁ። ስንት ቀን ቢፈጅ እቀመጣለሁ።

የመድኃኒት ሽታ ይዘሽ ነይ፣ የመንገድ ላብ ይዘሽ ነይ። አንቺን አላጥብሽም።

ከበሩ ወዲህ የተቀመጠችው፣
ሚጣሽ